መለዮው ሲወልቅ ሙያው አብሮ አይውለቅ

የጦር አውሮፕላን ከሜዳ ሲነሣ ሕዝብ የሚያየው አብራሪውን ነው። ሌሊቱን በእጅ ባትሪ ብርሃን ሽቦ ሲከታተል፣ የሬዲዮውን ኃይል ሲለካ፣ የሬዳሩን ሞገድ ሲፈትሽ ያደረው ባለሙያ ግን በሰልፍ ላይ ስሙ አይጠራም፤ በታሪክ መጻሕፍት ገጽ ላይም እምብዛም አይሰፍርም። ይህ ባለሙያ አቪዮኒክስ ተብሎ የሚታወቀው የአውሮፕላን ኤሌክትሮኒክስ መስክ ሠራተኛ ነው። በዛሬው ጽሑፋችን ስለ እርሱ የምንናገረው ውለታውን ለመዘርዘር አይደለም። የምናነሣው አንድ ተጨባጭ ጥያቄ ነው፤ መለዮውን ባወለቀ ማግስት ሙያው ወዴት ይሄዳል?

ጥያቄው የአንድ ግለሰብ የእንጀራ ጥያቄ ብቻ የሚመስላቸው ወገኖች አሉ። ይህ አመለካከት የተሳሳተ መሆኑን ለመረዳት ግን ብዙ መመራመር አያሻም። አንድን የሬዳር ቴክኒሽያን ለማሠልጠን የሚወጣው ገንዘብ ከሰፊው ሕዝብ ላብ የተገኘ ነው። የሚፈጀውም ጊዜ በወራት ሳይሆን በዓመታት ይቆጠራል። እንዲህ ያለው ሰው ከሠራዊቱ ሲሰናበት ሙያው ከሥራ ውጪ ከሆነ፣ የጠፋው የአንድ ቤተሰብ ገቢ ብቻ ሳይሆን ኅብረተሰቡ አንድ ጊዜ ከፍሎ የገዛው ዕውቀት ጭምር ነው። ያው ኅብረተሰብ ያንኑ ዕውቀት ለሆስፒታሉ፣ ለፋብሪካው፣ ለቴሌኮሙ እንደ ገና ከውጭ በምንዛሪ ይገዛዋል።

በቢሾፍቱ ከተማ ከዋናው መንገድ ገባ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ቴሌቪዥን፣ የኤሌክትሪክ ምጣድና የውኃ መሳቢያ ሞተር የሚጠግኑ አዛውንት አግኝተን ነበር። ስማቸውን እንድንጽፍ አልፈቀዱም፤ የሰፈሩ ሰው ጋሼ ይላቸዋል፤ እኛም እንደ ሰፈሩ ሰው እንላለን። ጋሼ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። በወጣትነታቸው አሜሪካ ሠራሹን ኤፍ-5 የተባለ ተዋጊ አውሮፕላን ሬዲዮ ተማሩ፤ ቆይቶም በሶቪየት ኅብረት የሚግ አውሮፕላንን መሣሪያዎች አጠኑ። በጎበኘናቸው ዕለት በጠረጴዛቸው ላይ የተፈታ የማይክሮዌቭ ምድጃ ነበር። ከሆዱ ውስጥ አንዲት የብረት ቁራጭ አውጥተው አሳዩንና «ይህች ማግኔትሮን ናት። እኔ የማውቃት በአውሮፕላን አፍንጫ ውስጥ ነበር፤ አሁን ወጥ ታሞቃለች» አሉን።

አነጋገራቸው ቀልድ ቢመስልም ሙሉ በሙሉ እውነት ነው። የምግብ ማሞቂያው የተወለደው ከሬዳር ሥራ ነው። በአሜሪካ ሬይቲዮን በተባለው ኩባንያ ውስጥ የሬዳር ማግኔትሮን ይሠራ የነበረው ፐርሲ ስፔንሰር የማሞቂያ ዘዴውን የፈጠራ መብት ለማስመዝገብ ያመለከተው የሁለተኛው ዓለም ጦርነት ባበቃበት በእ.ኤ.አ. 1945 ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ እንግሊዛዊው በርናርድ ሎቭል ከጦር ሠራዊት የተገኘ የሬዳር መሣሪያ ጆድረል ባንክ ወደተባለ ሥፍራ ወስዶ ሰማዩን መመርመር ጀመረ። በጦርነቱ ጊዜ በእንግሊዝ አየር ኃይል ያገለገለው ሐኪሙ ኢያን ዶናልድም ስለ ሬዳርና ስለ ሶናር ያገኘውን ግንዛቤ ይዞ በግላስጎ ከተማ በማኅፀን ሕክምና ላይ አዋለው፤ የምርምሩ ውጤት እ.ኤ.አ. በ1958 በታተመ ጊዜ እናቶች ዛሬ በየጤና ተቋሙ የሚታዩበት የአልትራሳውንድ ምርመራ መሠረት ተጣለ። ስለዚህ ከጦር ኤሌክትሮኒክስ ወደ ሰላማዊ ሥራ የሚወስደው መንገድ አዲስ አይደለም። መንገዱን የሚዘጋው የሙያው ጠባይ ሳይሆን ሌላ ነገር መሆን አለበት።

ወደ አገራችን ስንመለስ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ታሪካዊ ሁኔታ እናገኛለን። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ከአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. ጋር በተደረገ ስምምነት ተቋቋመ። በእነዚያው ዓመታት በስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን አሠልጣኝነት ዘመናዊው አየር ኃይል በቢሾፍቱ ይደራጅ ነበር። ሁለቱ እንደ ወንድማማች በአንድ ዘመን የተወለዱ ናቸው። ከቢሾፍቱ እስከ ቦሌ ያለው መንገድም ከ50 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ይሁን እንጂ ይህን አጭር መንገድ በሙያው ለማቋረጥ ዕድሜውን የጨረሰ ቴክኒሽያን ጥቂት አይደለም።

የአየር ኃይሉ ቴክኒሽያን ከሌሎች የሚለይበት አንድ ልምድ አለው፤ በአንድ የሥራ ዘመን ሁለት የቴክኒክ ዓለሞችን አይቷል። እስከ 1969 ዓ.ም. ድረስ መሣሪያው በአመዛኙ የምዕራቡ ነበር። በዚያው ዓመት ከአሜሪካ ጋር የነበረው ወታደራዊ ግንኙነት ተቋረጠና በ1970 ዓ.ም. ሚግ-21 እና ሚግ-23 በሜዳው ላይ ተሰለፉ። ከፍታውን በጫማ ሲያነብ የኖረው ሰው በሜትር ማንበብ ጀመረ፤ ፍጥነቱ ከኖት ወደ ኪሎ ሜትር ተለወጠ። የመመሪያው መጽሐፍ ቋንቋ ከእንግሊዝኛ ወደ ሩስኛ ዞረ። የቀድሞው የሽቦ መሰኪያ ከአዲሱ ጋር የማይገጥም ሆነ። የጄሮስኮፕ መሣሪያዎቹም በ36 ቮልት ባለ ሦስት ፌዝ ኤሌክትሪክ የሚሠሩ ሆነው ተገኙ። ይህ ሁሉ የሆነው ደግሞ በትምህርት ቤት ጸጥታ ሳይሆን በጦርነት ጥድፊያ ውስጥ ነው። እንዲህ ካለው ለውጥ ጋር የታገለና ያሸነፈ ሠራተኛ «ወደ ሲቪል ሥራ መለወጥ አይችልም» ሲባል መስማት ያስገርማል። ጋሼ ይህን ሲያስታውሱ «ኤሌክትሮን ቋንቋ የለውም፤ ቋንቋ ያለው መጽሐፉ ነው» ብለውናል።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሲደረግ የቀድሞው ሠራዊት ፈረሰ። ከ400 ሺህ በላይ የሚሆን ሰው በአንድ ጊዜ መለዮውን አወለቀ። ለዚሁ የተቋቋመው ኮሚሽን ተሰናባቹን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ ከፍተኛ ሥራ ሠርቷል፤ ይህን መካድ አይገባም። አብዛኛው ተሰናባች ከገጠር የመጣ በመሆኑም ትኩረቱ በመሬትና በእርሻ መቋቋሚያ ላይ ማረፉ የሚጠበቅ ነበር። ነገር ግን በእንዲህ ዓይነት ብዙ ሕዝብ መካከል የሬዳር ቴክኒሽያኑ ከቁጥር እንደ አንዱ ሆኖ አለፈ። ጥቂቱ ወደ ሲቪል አቪዬሽን ገባ፤ ጥቂቱ ባሕር ተሻገረ፤ ሌላው እንደ ጋሼ በየሰፈሩ የመጠገኛ ክፍል ከፈተ። ስንት ሰው ምን ያውቅ እንደ ነበር ቀድሞ ተመዝግቦ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር ብለን እናምናለን።

አሁን ወደ ሥራው ባሕርይ እንግባ። በተዋጊውና በመንገደኛው አውሮፕላን መካከል ያለው ልዩነት ብዙዎች እንደሚገምቱት ሰፊ አይደለም። በአውሮፕላን ላይ የተለመደው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ 115 ቮልትና 400 ኸርዝ ነው፤ የቤታችን መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ እንደሆነ አንባቢ ያውቃል። ድግግሞሹ ከፍ ያለበት ምክንያት ትራንስፎርመሩና ሞተሩ አነስ ብለው ክብደት እንዲቀንሱ ነው፤ ይህ ምክንያት ቦምብ ለጫነውም መንገደኛ ለጫነውም እኩል ይሠራል። የሲቪል አብራሪ ከማማው ጋር የሚነጋገረው ከ118 እስከ 137 ሜጋ ኸርዝ ባለው ክልል ሲሆን፣ የምዕራቡ ጦር አውሮፕላን ደግሞ ከ225 እስከ 400 ሜጋ ኸርዝ ያለውን ይጨምራል፤ የድምፁ አጫጫን ዘዴ ግን በሁለቱም አንድ ነው። በምዕራቡ የጦር መሣሪያ ላይ ወዳጅን ከጠላት የሚለየው ጠያቂና መላሽ ሬዲዮ በ1030 ሜጋ ኸርዝ ጠይቆ በ1090 ይመልሳል። የመንገደኛው አውሮፕላን ትራንስፖንደርም በእነዚሁ ሁለት ቁጥሮች ይሠራል። ታካን የሚባለው ወታደራዊ የአቅጣጫ መሣሪያ የርቀት መለኪያው ክፍል ከሲቪሉ ዲ.ኤም.ኢ. ጋር አንድ ዓይነት ነው። በሶቪየት መሣሪያ ብቻ የሠለጠነ ሰው እነዚህን እንደ አዲስ ቢያጠናም፣ መሠረቱን ስለሚያውቅ የሚማረው ስምና ቁጥር ነው።

ልዩነት የለም ማለታችን ግን አይደለም። ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ የምዕራቡ ጦር አውሮፕላን መሣሪያዎች እርስ በርሳቸው መረጃ የሚለዋወጡበት መስመርና ሲቪሉ የሚጠቀምበት አሪንክ 429 የሚባለው በፍጥነትም በአሠራርም ይለያያሉ። ከዚህ የሚከብደው ግን የኃላፊነት ልዩነት ነው። በሠራዊት ውስጥ ሥራው በዕዝ ሰንሰለት ይረጋገጣል። በሲቪሉ ዓለም ግን አውሮፕላኑ ለበረራ ብቁ ነው ብሎ የሚፈርመው በስሙ ፈቃድ የተሰጠው ሰው ነው፤ ከፊርማው በኋላ ያለው ተጠያቂነት የራሱ ነው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ለዚህ ፈቃድ ያስቀመጠው ዝቅተኛ መለኪያ ሙሉውን አውሮፕላን ለመፈረም የ4 ዓመት የሥራ ልምድ፣ ወይም የታወቀ ሥልጠና ለጨረሰ 2 ዓመት የሚጠይቅ ነው።

የሌሎች አገሮችን ተሞክሮ ማየት ይጠቅማል። በአሜሪካ ከጦር ሠራዊት የሚሰናበት ጥገና ሠራተኛ የአካል ወይም የሞተር ጥገና ፈቃድ ለመፈተን 18 ወር፣ ለሁለቱም በአንድነት 30 ወር የተግባር ልምድ ማስረዳት አለበት፤ ወታደራዊ ልምዱም ይታሰብለታል። ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ቅራኔ አለ። ዕድሜውን በሬዲዮና በሬዳር ላይ ያሳለፈው ባለሙያ የሚፈተነው ስለ ሞተርና ስለ አውሮፕላን አካል ነው፤ በእጁ ያለው ዕውቀት በዚያ ፈተና ላይ እምብዛም አይመዘንም። ስለዚህ ብዙዎች የመገናኛ ኮሚሽኑን የሬዲዮ ቴሌፎን ፈቃድ አብረው ይይዛሉ፤ አስተላላፊ ሬዲዮን ለማስተካከል የሚያስፈልገው እርሱ ነውና። አውሮፓውያን በበኩላቸው ለአቪዮኒክስ ሠራተኛ ቢ-2 የሚባል የተለየ ፈቃድ አበጅተዋል። ወታደራዊ ልምድን ይቀበላሉ፤ ግን በሲቪል ጥገና አካባቢ በተገኘ ተጨማሪ ልምድ መደገፍ አለበት ይላሉ። በእኛ አስተያየት የአውሮፓውያኑ መንገድ ይሻላል። ሙያውን ሳይንቅ ጉድለቱን ይሞላል።

በዚያችው አሜሪካ ከሁለተኛው ዓለም ጦርነት የተመለሰው ወታደር እ.ኤ.አ. በ1944 በወጣው ሕግ መሠረት በመንግሥት ወጪ የመማር መብት አገኘ፤ 7.8 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች ተጠቅመውበታል። ወጪው ከባድ ነበር። ጥቅሙን ያገኘው ግን ፋብሪካውና ላቦራቶሪው ነው።

ሁሉም ባለሙያ አንድ ዓይነት እንዳልሆነም መረዳት ያስፈልጋል። ከአውሮፕላኑ ሥር የሚሠራው ቴክኒሽያን የተበላሸውን ሣጥን ለይቶ አውጥቶ በሌላ ይተካል፤ ፈጣን ነው፤ ውሳኔው ቆራጥ ነው። በወርክሾፕ ውስጥ የሚሠራው ደግሞ ያንን ሣጥን ከፍቶ የተቃጠለችውን አንዲት ትራንዚስተር እስኪያገኝ ድረስ ይመረምራል። የመጀመሪያው ለአየር መንገድ፣ ለአውሮፕላን ማረፊያና ለቴሌኮም ጣቢያ ይስማማል። ሁለተኛው ለሆስፒታልና ለፋብሪካ የተሠራ ይመስላል። ይህን ሳይለዩ «የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ» ብሎ መመደብ ካቻቢቴንና ፒንሳን በአንድ ስም እንደ መጥራት ነው።

ስለ ሆስፒታል ትንሽ እንቆይ፤ ምክንያቱም ሕይወት ያለው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት በ16 ታዳጊ አገሮች ከ110 ሺህ በላይ የሕክምና መሣሪያዎችን ቆጥሮ ከመካከላቸው 38 በመቶ የሚሆኑት ከአገልግሎት ውጪ መሆናቸውን አሳይቷል። ከየሆስፒታሉ መጋዘን በር ገባ ብሎ ያየ ሰው ይህ ቁጥር አያስደንቀውም። አቧራ የለበሰው መሣሪያ ሁሉ በእርጅና የሞተ አይደለም፤ አንዳንዱን የጣለው የተቃጠለ ፊውዝ፣ የተበጠሰ ሽቦ፣ ወይም መመሪያውን የሚያነብ ሰው መጥፋት ነው። የአውሮፕላን ሬዳርን የኃይል ምንጭ ያበጀ እጅ የኤክስሬይን የኃይል ምንጭ አይፈራም። ሁለቱም ከፍተኛ ቮልት ናቸው፤ ሁለቱም ካጠፏቸው በኋላ እንኳ ቻርጅ ይዘው የሚገድሉ ናቸው። ነገር ግን በሕክምና መሣሪያ ላይ አንድ አዲስ ነገር መማር ግድ ነው፤ ከመሣሪያው ወደ በሽተኛው የሚሾልከው ኤሌክትሪክ። ከልብ ጋር በቀጥታ ለሚገናኝ መሣሪያ በተለመደው ሁኔታ የሚፈቀደው መጠን 10 ማይክሮ አምፔር ብቻ ነው። ጤነኛ ሰው በጣቱ የማይሰማው መጠን እዚያ ቦታ ላይ ሊገድል ይችላል። ይህን የሚያስተምር ጥቂት ሳምንት ያስፈልጋል እንጂ ሌላ አራት ዓመት አያስፈልግም።

በነሐሴ 2004 ዓ.ም. አየር መንገዳችን ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆኖ የተረከበው ቦይንግ 787 በበኩሉ ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። ይህ አውሮፕላን በሌሎች ላይ በአየርና በዘይት ግፊት ይሠሩ የነበሩ በርካታ ሥራዎችን ወደ ኤሌክትሪክ አዛውሯል፤ ሞተሩን የሚያስነሣው ኤሌክትሪክ ነው፤ ፍሬኑም እንዲሁ። ጄኔሬተሮቹ በጠቅላላው 1.4 ሜጋ ዋት ገደማ ያመነጫሉ። እንዲህ ባለው አውሮፕላን ፊት የጋሼ ትውልድ በቫኪዩም ቱቦና በመርፌ መለኪያ ላይ የተመሠረተ ዕውቀት ሁሉ ይሠራል ብንል አንባቢን ማታለል ይሆናል። ብዙው አርጅቷል። ያላረጀው ዘዴው ነው። አሥር ደረጃ ባለው ወረዳ ውስጥ ብልሽት ሲፈለግ ከመጀመሪያው አንድ በአንድ መሄድ ሳይሆን መሐሉን ለክቶ ግማሹን ነፃ ማውጣት፣ የቀረውን እንደ ገና ለሁለት መክፈል። ሥራ ሲያልቅ መሣሪያን ቆጥሮ መመለስ፤ በአብራሪው ክፍል ውስጥ የተረሳች አንዲት መፍቻ መሪ ልትቆልፍ ትችላለችና። የተሠራውን በጽሑፍ ማስፈር። እነዚህን ልማዶች በሰው ላይ ለመትከል ዓመታት ይፈጃል፤ ከሠራዊቱ የሚመጣው ቴክኒሽያን ይዟቸው ይመጣል።

እንግዲህ እንቅፋቱ የት ላይ ነው? በአመዛኙ ወረቀት ላይ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ጋሼ ሁለት የምስክር ወረቀት አላቸው፤ አንዱ በእንግሊዝኛ፣ አንዱ በሩስኛ። ከተሰናበቱ በኋላ ሥራ ፍለጋ የሄዱበት አንድ መሥሪያ ቤት የእንግሊዝኛውን «ጊዜው ያለፈበት ነው» አላቸው፤ የሩስኛውን ደግሞ «የሚያነበው የለንም» ብሎ መለሰላቸው። እኛም ባሕር ማዶ ተምረን ስንመለስ ማስረጃችንን አስተርጉመንና አስመስክረን እስክንጨርስ ሦስት ወር ደጅ መጥናታችንን እናስታውሳለን። እኛ ሦስት ወሩን የሚያስታምም ቤተሰብ ነበረን። አራት ልጅ ላለው ተሰናባች ሦስት ወር ረጅም ነው፤ በሁለተኛው ወር ላይ ዘበኝነት ይቀጠርና ነገሩ እዚያው ያበቃል።

ወቀሳው ግን በአንድ ወገን ላይ ብቻ አያርፍም። ማዕረጉን እንደ ሙያ ፈቃድ ቆጥሮ ከወጣት ሠራተኛ ጋር ለመፈተን የሚያፍር ተሰናባች አለ። የሰላማዊው መሥሪያ ቤት ሠራተኛም አንዳንድ ጊዜ «ወታደር ትእዛዝ እንጂ ሐሳብ አያውቅም» በሚል መናኛ አነጋገር አዲስ መጪውን ከአግዳሚ ወንበሩ ጥግ ያስቀምጠዋል። ሁለቱም መታረም ያለባቸው ናቸው።

መደረግ ያለበት ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ክፍሉ ባለሙያውን ከማሰናበቱ በፊት በምን ዓይነት መሣሪያ ላይ፣ በየትኛው መለኪያ፣ ለስንት ዓመት እንደሠራ በዝርዝር ጽፎ ይስጠው፤ ኦሲሎስኮፕ መጠቀምና ሽቦ መበየድ የጦር ምስጢር አይደሉም። የሙያ ብቃት ምዘና የሚሰጡ ተቋማት ሰውየውን በወረቀቱ ቋንቋ ሳይሆን በሥራ ጠረጴዛ ላይ ይመዝኑት። የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው አጭር የማሸጋገሪያ ትምህርት ያዘጋጁ፤ ከፊሉንም መምህር አድርገው ያቆዩት። የመኖሪያ አካባቢ ማኅበራትና እድሮች ደግሞ በመዝገባቸው ላይ የአባሉን ስምና የቤት ቁጥር ብቻ ሳይሆን ሙያውንም ያስፍሩ። በጤና ጣቢያው የቆመ መሣሪያ ካለና ሁለት ቤት አለፍ ብሎ የሚያበጀው ሰው ከተቀመጠ፣ ሁለቱን ማገናኘት ከማኅበሩ የተሻለ የሚችል የለም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ሲነሣ፣ ያን ኃይል የሚያደርሱት የማከፋፈያ ጣቢያዎች መከላከያና መቆጣጠሪያ መሣሪያዎች የሚሹት ይህንኑ ዓይነት እጅ ነው።

ከጋሼ ክፍል ስንወጣ ሁለት የሰፈር ወጣቶች በደጃፉ ላይ በተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጠው በአሮጌ ቴስተር የአንድ ሬዲዮ ሽቦ ይለኩ ነበር። ክፍያ እንደሚጠይቋቸው ስንጠይቅ ሳቁብን። የሩስኛውን የምስክር ወረቀት ለማየት ፈልገን ነበርና ከመደርደሪያው ላይ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወረዱ፤ ማዕዘኑ ተበልቷል፤ ማኅተሙ ግን ደህና ነው። ከሁለቱ ወጣቶች አንደኛው ተነሥቶ «ጋሼ፣ በስልኬ ላተርጉመው?» አላቸው። ፌስታሉን ፈትተው ሰጡት።